ዝም ያልኩበት ሴሚስተር

ኢሜይሉን የከፈትኩት የገና ዕለት ማታ ነበር፣ ጃንዋሪ 2024። አክስቴ ቤት ዶሮው ተበልቶ፣ ቡናው ቶና ላይ ደርሶ፣ እኔ ሶፋው ጥግ ላይ ስልኬን እነካካለሁ። ከኮሌጁ ሂሳብ ክፍል ነው። 1,400 ዶላር ገደማ ዕዳ አለብሽ ይላል። መጀመሪያ ሳቅኩ። ለዚያ ኮሌጅ ከኪሴ ሳንቲም አውጥቼ አላውቅም፣ ሁሉንም የከፈለልኝ ፋይናንሻል ኤይድ፣ የመንግሥት የትምህርት እርዳታ ማለት ነው። ታዲያ የምን ዕዳ?

የምን ዕዳ እንደሆነ እስኪገባኝ ወራት ፈጀብኝ። አሁን እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ውስጥ ልጆች ፎርም ሲሞሉ አግዛለሁ፣ እና በየሳምንቱ ያንኑ የኔን ስህተት ለመሥራት የተዘጋጀ አንድ ሰው አላጣም። ለዚህ ነው የምጽፈው።

ዲቪ ደርሶኝ አሜሪካ የገባሁት በ2022 ነው። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አክስቴ ጋ አረፍኩ፣ ነዳጅ ማደያ ሱቅ ውስጥ ካሸር ሆንኩ። አብራኝ የምትሠራ ልጅ «ግሪን ካርድ ካለሽ ምን ትጠብቂያለሽ፣ ፋፍሳ ሙዪ እንጂ» አለችኝ። ፋፍሳ ስትለኝ ከጨጨብሳ ጋር የሚዛመድ ነገር ነበር የመሰለኝ። ለካ ለፌዴራል የትምህርት እርዳታ የሚሞላው ማመልከቻ ነው። ስቱደንት ኤይድ ዶት ገቭ ላይ ገብታችሁ በነጻ ነው የምትሞሉት። በነጻ ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ እኛ ሰፈር 150 ዶላር ተቀብለው የሚሞሉ ሰዎች አሉና።

ፎርሙን ሞላሁ። ከሃያ አራት ዓመት በላይ ስለነበርኩ የወላጅ ገቢ አልተጠየቅኩም። ገቢዬ ዝቅተኛ ስለሆነ ሙሉ ፔል ግራንት የሚሉት የፌዴራል ስጦታ ወጣልኝ። ስሙ የመጣው ከሮድ አይላንዱ ሴናተር ከክሌይቦርን ፔል ነው፤ በ1972 በሌላ ስም ተጀምሮ በ1980 በእሳቸው ተሰየመ። ለ2023–24 ከፍተኛው 7,395 ዶላር ነበር፣ በሴሚስተር ሲካፈል 3,697 ገደማ ይመጣል። ግራንት ስለሆነ አይመለስም። «አይመለስም» የምትለዋ ቃል ናት ያሳሳተችኝ።

በ2023 ስፕሪንግ፣ በዓመቱ መጀመሪያ ባለው ሴሚስተር፣ ሦስት ክላስ ወስጄ ሦስቱንም አለፍኩ። ልቤ አበጠና ፎል ላይ፣ እስከ ዲሴምበር ባለው ሴሚስተር፣ አራት ወሰድኩ፣ አሥራ ሁለት ክሬዲት፣ ሙሉ ጊዜ ተማሪ ማለት ነው። ትምህርት ቤቱ 2,000 ገደማውን ለክፍያው ቆርጦ የቀረውን 1,700 ባንኬ ውስጥ አስገባልኝ። ሪፈንድ የሚሉት ይህንን ነው። እንቁጣጣሽ ሰሞን ነበር። አራት መቶውን ደሴ ላክሁ፣ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዛሁ፣ የተረፈው ለቤት ኪራይና ለመጓጓዣ ሄደ። ይህ ስህተት አይደለም፣ ገንዘቡ ለመኖሪያና ለመጽሐፍም ጭምር ነው የሚሰጠው። ደሴ የላክሁት ግን... እሱን እንተወው።

የመስቀል ማግስት አያቴ ደሴ ላይ አረፈች። ያሳደገችኝ እሷ ናት። መሄድ አልቻልኩም፤ አክስቴ ቤት ተቀመጥን፣ ሰው መጣ፣ ሄደ፣ ሳምንት አለፈ። ወደ ሥራ ስመለስ ማናጀሩ ሺፍቴን ወደ ጠዋት ቀይሮታል፣ ክላሶቼ ደግሞ ጠዋት ናቸው። ለማንም ምንም አልተናገርኩም። ክላስ መሄድ አቆምኩ። አላቋረጥኩም፣ ልብ በሉ፣ አቆምኩ። ማቋረጥ ፎርም አለው፣ ቀን አለው፣ ፊርማ አለው። እኔ ዝም ብዬ ጠፋሁ። ፕሮፌሰሮቹ ራሳቸው ስሜን ይሰርዙታል ብዬ ገመትኩ።

እኛ ቤት «ዝም አይነቅዝም» እየተባለ ነው ያደግኩት። ነቀዘ። ዲሴምበር ላይ አራት ኤፍ ሆኖ ወጣ።

አሁን ወደ ሂሳቡ እንምጣ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የማያውቀው ይህንን ነው። የፌዴራሉ ገንዘብ ሴሚስተሩ ሲጀምር ይከፈላል እንጂ የእናንተ የሚሆነው ቀን በቀን እየተማራችሁ ስትሄዱ ነው። ከሴሚስተሩ 60 በመቶውን አልፋችሁ ብታቋርጡ ሙሉው የእናንተ ነው። ከዚያ በፊት ሁሉንም ክላስ ከተዋችሁ በተማራችሁት ቀን ልክ ብቻ ይታሰብላችኋል። ፎርም ሞልታችሁ ውጡም ዝም ብላችሁ ጥፉም ለውጥ የለውም፤ ሁሉም ውጤት ኤፍ ሲሆን ትምህርት ቤቱ በእርግጥ ተምረሽ ነው የወደቅሽው ወይስ ጠፍተሽ ነው ብሎ ያጣራል። የኔን ከፕሮፌሰሮቹ መዝገብ ላይ አገኙት። ሴሚስተሩ 110 ቀን፣ እኔ የጠፋሁት 33ኛው ቀን ላይ። 30 በመቶ። ቀሪው 70 በመቶ ያልሠራሁበት ገንዘብ ነው ተባለ።

ኮሌጁ ለትምህርት ክፍያ ከወሰደው 2,000 ላይ 70 በመቶውን፣ 1,400ውን፣ ለመንግሥት መለሰ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ተመዝግበሻል፣ ወንበር ይዘሻል፣ ክፍያው አሁን ባዶ ነው፣ አምጪ። ዕዳው የመጣው ከዚህ ነው። እጄ ለገባው ሪፈንድ እንኳ ዕድለኛ ነበርኩ፤ በግራንት ላይ ተማሪውን የሚጠብቅ ደንብ አለ፣ ከተሰጠው ግራንት እስከ ግማሹ ድረስ ተማሪው መልስ አይባልም። ሌላው ሲሰላ የኔ ድርሻ ከዚያ በታች ስለነበር ለመንግሥት በቀጥታ የምመልሰው አልነበረኝም።

የሚያናድደው ምን እንደሆነ ልንገራችሁ? ኖቬምበር መጀመሪያን ተሻግሬ ብጠፋ ኖሮ ኤፎቹ እንዳሉ ሆነው ይህ ዕዳ አይኖርም ነበር። ከአራቱ ክላስ አንዱን ብቻ፣ አንዱን እንኳ ይዤ ብጨርስም እንዲሁ። ሦስቱን ትቼ አንዱን ማታ ክላስ ባደርገው ኖሮ አሁን ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር። ይህን የሚነግረኝ ሰው ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ ነበር፣ በሩም ክፍት ነበር። እኔ ነኝ ያልሄድኩት።

ዕዳው ሳይከፈል ለስፕሪንግ መመዝገብ አልተፈቀደልኝም። ቢፈቀድም እርዳታ አልነበረኝም፤ ምክንያቱም ሁለተኛ ነገር ነበር። እርዳታ የሚቀበል ተማሪ ትምህርቱን በአግባቡ መግፋቱ ይለካል። ነጥብ ይታያል፣ በብዙ ትምህርት ቤት 2.0 ነው ወለሉ። ከተመዘገባችሁበት ክሬዲት ስንቱን ጨረሳችሁ ይባላል፣ 67 በመቶ ያህል ይጠበቃል። የእርዳታውም ጊዜ ዘላለም አይደለም፤ የ60 ክሬዲት ዲግሪ ከሆነ 90 ክሬዲት ከሞከራችሁ በኋላ ይቆማል። ፔል ለብቻው ደግሞ በዕድሜ ልክ የ12 ሴሚስተር ገደብ አለው። እኔ 21 ክሬዲት ተመዝግቤ 9 ጨርሻለሁ፣ 43 በመቶ። አንዳንድ ቦታ መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ይሰጣሉ አሉ። የኔዎቹ በቀጥታ አገዱኝ።

በፌብሩዋሪ አክስቴን ይዤ ቢሮ ሄድኩ። አክስቴ ጉዳይ የማስፈጸም ልምድ አላት፣ ወረዳ ያደገች ሴት ናት። ገና ሳንቀመጥ እሷ ጀመረች፣ የልጅቷ ፋይል ይውጣ፣ ምን ጎደለ። መነጽሯን በሰንሰለት አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሠራተኛ ፈገግ ብላ ተማሪዋ ካልፈቀደች ስለ ፋይሏ ከእርስዎ ጋር መነጋገር አልችልም አለቻት። አክስቴ በአማርኛ «እንዴ! እኔ አይደለሁ እንዴ ያመጣኋት?» አለች። በ1974 የወጣ ሕግ አለ፣ ኮሌጅ የገባ ተማሪ መዝገቡ የራሱ ነው፣ ወላጅም ቢሆን በአብዛኛው ያለ ልጁ ፈቃድ ዘው ብሎ አያየውም። ለእኛ ሰው ይህ ስድብ ይመስላል። ፈረምኩላት፣ ገባች። አሁን ሳስበው ግን ደስ ይለኛል፤ በሕይወቴ «የራስሽ ነው፣ አንቺ ወስኚ» የተባልኩት የመጀመሪያ ወረቀት ያ ነበር።

ሠራተኛዋ ታሪኬን ሰምታ «በኦክቶበር ለምን አልመጣሽም?» ብቻ ነው ያለችኝ። መልስ አልነበረኝም። አፍሬ ነው ይባላል? አያቴ ሞታ ገንዘብ ጉዳይ ላውራ? ደግሞስ ማን ያዳምጠኛል ብዬ ነው።

ከዚያ አፒል እንዳለ ነገረችኝ። ቤተሰብ ሲሞት፣ ሲታመሙ፣ ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ሲደርስ ይግባኝ ይባላል። ሁለት ነገር መጻፍ አለብሽ አለችኝ፣ ምን እንደደረሰብሽና አሁን ምን እንደተለወጠ። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ አሳምሮ ይጽፍና ሁለተኛውን ይረሳል፤ እነሱ ግን ይበልጥ የሚያነቡት ሁለተኛውን ነው። ማስረጃም ይፈልጋሉ። ከማናጀሩ ሺፍቱ የተለወጠበትንና መልሶ ወደ ማታ የዞረበትን ወረቀት አመጣሁ። ለአያቴ ሞት ደግሞ ደሴ ደወልኩ፣ የዕድሩ ሊቀመንበር በእጃቸው ጽፈው ክብ ሐምራዊ ማኅተም መትተው በፎቶ ላኩልኝ፣ አስተርጉሜ አያያዝኩት። ሠራተኛዋ ማኅተሙን ወደ መብራቱ አስጠግታ አየችና ይህ ድርጅት ምንድን ነው አለች። ዕድርን ለአሜሪካዊ ማስረዳት ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? ድንኳን አለው፣ ድስት አለው፣ ሰው ሲሞት ይመጣሉ አልኳት። «ጥሩ ነገር ነው» አለችኝ፣ ተቀበለችው።

ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ? አፒሉ ተፈቀደ፣ በቅድመ ሁኔታ። በሚቀጥለው ሴሚስተር የያዝኩትን ሁሉ ማለፍ፣ ከሁለት ክላስ በላይ አለመያዝ። ዕዳውንም በየወሩ 200 ዶላር እየከፈልኩ ከፌብሩዋሪ እስከ ኦገስት ሰባት ወር ጨረስኩት። ይህም ቢሆን በጥያቄ የተገኘ ነው፣ ኢሜይሉ ላይ በአንድ ጊዜ ክፈዪ ነበር የሚለው።

ቤት ውስጥ ይህን ሳወራ ወንድሜ ይስቅብኛል። እሱ ኢትዮጵያ ነው የተማረው፣ የወጪ መጋራት ውል ፈርሞ። ዶርሙም ምግቡም በዕዳ ተጽፎበት፣ ተመርቆ ቴምፖውን፣ ጊዜያዊ ምስክር ወረቀቱን ብቻ ይዞ ሥራ ፈልጓል። «እኔ እንኳ ዕዳ መሆኑን አውቄ ነው የፈረምኩት» ይለኛል። እውነቱን ነው።

ሎን፣ ብድሩ ማለቴ ነው፣ ግን ሌላ ዓለም ነው፣ እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ። የእርዳታው ዝርዝር ሲመጣላችሁ ግራንቱም ሎኑም አንድ ገጽ ላይ ተደርድረው ነው። አንድ ልጅ አለ፣ ገና አሥራ ስምንት ዓመቱ፣ ሁሉም ላይ ተቀበልኩ የሚለውን ተጭኖ መጣ። 5,500 ዶላር ብድር ወስዷል፤ ከወላጅ ጋር ለሚቆጠር የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ጣሪያው ያ ነው። ስጦታ ነበር የመሰለው። ያስፈልግሃል ወይ ስለው አያስፈልገኝም አለ፤ ቤቱ ይኖራል፣ ግራንቱ ክፍያውን ይሸፍናል። ብድርን አለመቀበል መብት ነው። ግማሹን ብቻ መውሰድም ይቻላል። ገንዘቡ ከወጣ በኋላ እንኳ በ120 ቀን ውስጥ ብትመልሱት ለመለሳችሁት ያህል ወለድም የብድር ማስኬጃ ክፍያም አይታሰብባችሁም። መለሰው። እናቱ ዳቦ ጋግራ አመጣችልኝ።

ያ ልጅ ባይመልሰው ምን ይሆን ነበር? ከተመረቀ ወይም ከግማሽ ጊዜ በታች ከወረደ፣ በአብዛኛው ከስድስት ክሬዲት በታች ማለት ነው፣ ስድስት ወር ይታገሱታል። ከዚያ ክፍያ ይጀምራል። 270 ቀን ሳይከፍል ከቀረ ከደመወዙ እስከ 15 በመቶ ያለ ፍርድ ቤት ሊቆረጥበት ይችላል፣ የታክስ ተመላሹም ሊወሰድበት ይችላል። አድራሻ ቀይሬ ደብዳቤው አልደረሰኝም ማለት አይሠራም፤ አድራሻ ማሳወቅ የተበዳሪው ሥራ ነው።

ከዚህ የባሰ ያየሁት ኡበር የሚነዱ አንድ አባት ናቸው። ለልጃቸው የፈረሙት ዋስ የሆኑላት መስሏቸው ነው። የወላጅ ብድር ነበር፤ ዕዳው ሙሉ በሙሉ የእሳቸው ነው፣ ልጅቷ ነገ ዶክተር ብትሆንም በስሟ አይዞርም። ከልጅቷ ጋር በአደራ ይተማመኑ ይሆናል፣ መንግሥት ግን የሚያውቀው የአባትየውን ፊርማ ነው። ለእኛ አባት «ለልጅህ ፈርም» ከተባለ ምን አንብቦ ይፈርማል? እኔ በዚህ ትምህርት ቤቶቹን እወቅሳለሁ። በእንግሊዝኛ አሥር ገጽ ሰጥቶ ፈርም ማለት ማስረዳት አይደለም።

ፎርም ሞሊዎቹ ጋ ልመለስ። ገንዘብ መቀበላቸው ሳይሆን የሚሞሉት ነው የሚያስፈራኝ። አንዲት ልጅ ያላገባችውን «ባለትዳር» ብለው ሞልተውላታል፣ የወላጅ ገቢ እንዳትጠየቅ። በፋፍሳ ላይ አውቆ ሐሰት መስጠት እስከ 20,000 ዶላር ቅጣት፣ እስራት፣ ወይም ሁለቱንም ያመጣል። ፊርማው ደግሞ የእሷ ነው። ኋላ ላይ ማረጋገጫ አምጪ ተብላ ስትጠራ ነው ወደ እኛ የመጣችው። ለማረጋገጫ መጠራት በራሱ ወንጀል አይደለም፣ ብዙ ሰው ይደርሰዋል፣ የታክስ ወረቀት ሰጥቶ ያልፋል። እሷ ግን የምትሰጠው ወረቀት አልነበራትም። አስተካክለን ላክን፣ ሳይከፈላት በፊት ስለነበር ተረፈች።

በተቃራኒው እውነት ሆኖ የማይነገር ነገርም አለ። ፎርሙ የሚያየው የሁለት ዓመት በፊት ገቢ ነው። አባት ያኔ ሁለት ሥራ ይሠራ ነበር፣ አሁን ወገቡን ታሞ ቤት ተቀምጧል። ይህን ይዞ ቢሮ መሄድና እንደገና እዩልን ማለት ይቻላል፣ ለዚህ ሥልጣን አላቸው። የግድ ይስማማሉ አላልኩም፤ ግን ያልጠየቀ አያገኝም። ሪፈንዱም ክፍያው ተሸፍኖ ትርፉ ከታየ በ14 ቀን ውስጥ መድረስ አለበት። ዘገየ ብላችሁ መጠየቅ ነውር የለውም። ወርክ ስተዲ የሚባለውን ካገኛችሁ ደግሞ ዝም ብሎ የሚገባ ገንዘብ አይደለም፣ ሥራውን ፈልጋችሁ ሠርታችሁ ነው በደመወዝ የምትቀበሉት።

ባለፈው እሁድ አንድ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ መጣ። እሱ እዚህ አጎቱ ጋ ነው፣ አባቱ ኮምቦልቻ። ከሃያ አራት በታች ስለሆነ የአባቱ ገቢ ይጠየቃል፣ ባሕር ማዶ ቢኖሩም፣ ብሩ ወደ ዶላር ተመንዝሮ። አባትየውም ስቱደንት ኤይድ ዶት ገቭ ላይ የራሳቸው አካውንት ሊኖራቸው ይገባል፤ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ባይኖራቸውም ይከፈታል። ኢሜይል ግን ያስፈልጋል፣ እሳቸው ኢሜይል የላቸውም። በስልክ እየተነጋገርን ከፈትንላቸው። የይለፍ ቃል ይምረጡ ስላቸው ያሉኝን እዚህ አልጽፍም፤ ጮክ ብለው ለጠቅላላው አዳራሽ ነው የተናገሩት፣ ስፒከር ላይ ነበሩ። አስቀየርናቸው። ኮዱ እስኪደርስ አሥር ደቂቃ ጠበቅን፣ ኮምቦልቻ ምሽት አራት ሰዓት ሆኗል፣ መብራት ጠፍቶ መጣ። ስድስቱን ቁጥር አንድ በአንድ አነበቡልን፣ ሁለቴ። ልጁ የመጨረሻውን ሲጫን አባትየው «ገባ?» አሉ። ገባ አልናቸው። «እኔ ምን ፈረምኩ አሁን?» ብለው ጠየቁ፣ እና ተቀምጬ ከመጀመሪያው ጀምሬ አስረዳኋቸው።

ለሚቀጥለው እሁድ የምትመጡ፣ የሁለት ዓመት በፊቱን ታክስና የራሳችሁን ስልክ ይዛችሁ ኑ። ሜሪላንድ ያላችሁ የስቴቱ ቀን ማርች 1 ነው፣ እስከዚያ አትጠብቁ። ዋሽንግተን ዲሲ የምትኖሩ ደግሞ ለእናንተ የተለየ እርዳታ አለ፣ እሱን ስትመጡ እናወራለን። ሻይ አለ። ዳቦ የሚያመጣ ሰው ግን እፈልጋለሁ።